ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ሊቪዮ፣ በኛ በትሪየስቴ ነፋሱ ስም አለው፤
ቦራ ሲወርድ ከካርሶ ኮረብታ፣ ቆሞ የሚችለው ማነው?
በየመንገዱ ዳር ገመድ ይወጠራል፣
አላፊ አግዳሚው እሱን ይዞ ያልፋል።
ኔቪያ ግን ገመድ ስትይዝ አላየሁም፤
ክንድህ ነበር ገመዷ። ይህን አልረሳሁም።

የኔንና የሷን ቢሮ የለየው ስስ ግንብ ነው፤
አመጣጥህን በሳልህ፣ በጫማህ ነበር የምለየው፤
አንድ ሰዓት ላይ፣ ማታ፣ ጆታህን በፔርሙዝ ይዘህ፣
የባቄላው ሾርባ ሽታ ኮሪደሩ ላይ ቀድሞህ።
እሷ የባሕር ሙላት ጉድለት በሚሊሜትር እስክትጽፍ
ጥግ ላይ ቁጭ ማለት ነው ሥራህ፣ ፔርሙዝ እንደ ሕፃን ማቀፍ።

አንድ ጊዜ፣ ትዝ ይለኛል፣ ከሩቅ የመጣ ሊቅ
እራት ላይ ዘወር ብሎ ሙያህን ሲጠይቅ፣
«ሽቅብና ቁልቁለት» አልከው ኮስተር ብለህ፣
«አንድ ኮረብታ ብቻ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» አልክና ወይንህን ቀድተህ።
ሰውዬው ማስታወሻ አወጣ። እኛን ሳቅ ገደለን።
ትራም ነጂ እንደነበርክ አልነገርነውም፤ ሄደ አመስግኖን።

ጡረታ ስትወጣ ደግሞ እርሳስ ቀርጸህ ተነሳህ፣
የሚስትህን ረቂቅ መስመር በመስመር አበጠርህ።
«ቀመሩ ይለፈኝ» ትል ነበር፣ «ባሕሩም ለገባው ይግባው፤
ነጥብ ግን ፌርማታ ነው፤ ካልቆምክ ሰው ይወድቃል፣ እኔ እንደማውቀው።»
በሦስቱ መጻሕፍቷ መግቢያ ላይ የታተመው
አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስህተቱ የኔ፣ እርማቱ የሊቪዮ ነው።»

አራተኛው ሲመጣ የካቲት ነበር። አልጋ ላይ ነበርክ።
ጀርባህን ለባሕሩ ሰጥተህ ወረቀቱን አነበብክ።
በቀን አምስት ገጽ። ቀጥሎ ሦስት። ቀጥሎ አንድ።
ነርሷ መብራት ልታጠፋ ስትመጣ፣ እርሳሱ በጣትህ ሲንገዳገድ፤
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር፣
አንድ ክብ ጀምረህ ነበር።
ሳይገጥም ቀረ።

በቀብርህ ቀን ቦራ ነፈሰ፤ አበባው ሁሉ በረረ፤
ሣጥንህ ብቻ በትራም ነጂዎች ትከሻ ላይ ቀረ።
ኔቪያ አላለቀሰችም። ሰው አማት፤ እኔም ታዘብኩ፣ አልዋሽም።
እርሙ ያልወጣ ሐዘን ይከርማል እንጂ አይሽርም።

በሚያዝያ ታዴይ፣ ረዳቷ፣ ቀሪውን አርሞ አመጣ፤
ከመቶ አሥራ ሦስት ወዲያ ቀይ ቀለሙ እንደ ኩፍኝ የወጣ።
ቁጥሩን ሁሉ ተቀበለች፣ «ባሕር አይዋሽበትም» ብላ፤
ፊደሉን ግን ለአሳታሚው እንዳለ ላከችው ጠቅልላ።
«እስከዚህ ሊቪዮ አለ፤ ከዚህ ወዲያ ብቻዬን ነኝ፤
አንባቢውም ይደናቀፍ» አለችው፣ «እኔን እንዳደናቀፈኝ።»

እርም በእርማት አይወጣም ለካ፤ ባለማረም እንጂ።
ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ይቅር በለኝ፣ ወዳጄ።

መጽሐፉ ትናንት ደረሰኝ። ምስጋናው እንደ ዱሮው ነው።
መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ፣ ገጹ ገጽህን መሰለኝ፣ ያው።
ቀስ ብዬ ገለጥኩ። ነፋሱ መስኮቱን ይጎትታል።
ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነጥብ የለውም፤ ያልፋል
ፌርማታው ላይ ሳይቆም፣ ሽቅብ፣ መብራቱን አብርቶ፣
ማንም ደወሉን ሳይደውል፣ ማንንም ሳያወርድ ከቶ
ወደ ኮረብታው