ሠላሳ ስድስት ክዳን

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ በጀርባው በኩል፣
አባቴ የሠራው ቤት አለ፣ ግራጫ ባርኔጣው ዘንበል።
ቆርቆሮ አይደለም፤ ኤተርኒት ይሉታል፣
ዝናብ ድምፅ የለውም፣ ሐሩር ይመክታል።
«የናዝሬትን ፀሐይ ቀጣኋት» ይል ነበር፣
ላለፈ ላገደመ ጣራውን ሲያስቆጥር።
ሠላሳ ስድስት ክዳን።

በእጁ ነው የቆረጠው፣ በብረት መጋዝ፣
እኔ ሥሩ ቆሜ ጫፍ ጫፉን ስይዝ፤
ዱቄቱ እንደ ፉርኖ ቅንድቡ ላይ ሲያርፍ
«ሽማግሌ መሰልኩ?» ይለኛል፣ እፍ ብሎ ሲያራግፍ።
ሽማግሌ አልሆነም።
በሃምሳ ስምንቱ ደረቅ ሳል ወሰደው፤
ሐኪሙ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው፤
«ሥራቸው ምን ነበር?» አለን ዝቅ ብሎ።
«ባቡር» አልን ሁላችን፤ እሱም ጻፈው ቶሎ።
ጣራው አልታወሰን።
ጣራን ማን ይጠረጥራል? እሱ ነው ያስጠለለን።

ዘንድሮ፣ ግንቦት ላይ፣ ያ የአዳማ ነፋስ፣
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎች ሲያሽከረክር የሚውለው፣
የጓዳችንን ጥግ በሌሊት ገምሶ ጣለው።

ቦንሳ በጠዋት መጣ፣ መዶሻው ትከሻው ላይ፤
«እህቴ፣ ይሄማ ምን ሥራ አለው፤ ይወርዳል ባንድ ፀሐይ።
አድቅቄ አወርድልሻለሁ፣ አራት ሺህ ካልሽኝ፤
ስባሪውን ለጉድጓድ መሙያ የሚወስድ ሰው አለኝ።»
ቦንሳ ክፉ አይደለም፤ ሦስት ልጅ ያሳድጋል።
ሳንባም አለው። ዋጋ ግን አላወጣለትም፣ በነጻ ይሰጣል።
ወንድሜ ከሐዋሳ ደወለ፦ «ለጣራ ደግሞ ፈቃድ?
ሰው እንዳይሰማሽ! ወረቀት ነው የሚያወርደው፣ ወይስ ክንድ?»

ሦስት ሳምንት ፈለግሁ።
አንዱ ያመጣው ፈቃድ የብሎኬት ማምረቻ፣
የሌላው ጊዜው ያለፈ፤ የቀረው ማኅተም ብቻ።
ሦስተኛዋ ሲፈን ናት። ስለ ብር ሳታወራ
«በመጥረጊያ ነካችሁት?» አለች፤ «እንዳይነሣ አቧራ!»
የጥፍር ያህል ቁራጭ አርጥባ፣ በሁለት ከረጢት አሸገች፤
«የላቦራቶሪው መልስ እስኪመጣ በዚህ በኩል አትተኙ» አለች።
መልሱ መጣ። ዋጋውም መጣ።
ዋጋውን ስሰማ ቁጭ አልኩ።
ዕቁቤ ወጥቶልኝ ነበር፣ ለሶፋ ያሰብኩት፤
ሶፋውን በሱቁ መስታወት ተሰናበትኩት።

አራት ሆነው መጡ፣ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው፣
ጉንጫቸው ላይ ማጣሪያ፣ ዓይናቸው ብቻ የሰው።
«ጠፈርተኞች!» ብለው የሰፈር ልጆች ግር ሲሉ
ቢጫ ገመድ ዘረጉ፤ ከዚያ ወዲህ እንዳይዘሉ።
መዶሻ የለም። መጀመሪያ ውኃ፣ እንደ ካፊያ፣
ከዚያ ብሎን በብሎን፤ የለም ማንኳኳት፣ የለም ግፊያ።
እያንዳንዷን ክዳን እንደ በሽተኛ ደግፈው
አወረዱ፤ ጠቀለሉ፤ ደግመው ጠቀለሉ፤ ጻፉባት «አደገኛ» ብለው።
አባቴን ስንገንዘው እንዲህ አልተጠነቀቅንም።

ቦንሳ ከአጥሩ ማዶ ነው። ነፋሱ ሲዞር ቀየረ ቦታውን፤
በኋላ ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ፣ ዝቅ አድርጎ ድምፁን፦
«ፈቃዱ ስንት ያስወጣል?»

ማታ ላይ ሲፈን ቆጠረች። ሠላሳ አምስት።
የአባቴ ደብተር ግን፣ በእርሳስ፣ «ሠላሳ ስድስት»።
ዞር ዞር ብላ አየች።
ከቧንቧው ሥር ጋደም ብላ፣ ሞገዷ አልቆ ለስልሳ፣
እማዬ ሠላሳ ዓመት ካኪውን ያሸችባት፣ ስትጥል ስታነሣ።
ሲፈን ተንበረከከች፤ ውኃ ልትረጭ ስትል
«እሷ እንኳ ውኃ ለምዳለች» አለች እማዬ፣ እንደ ማባበል።
እጇን ግን አልያዘቻትም።

አሁን ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ይደልቃል፤
ስንነጋገር ቃላችን መሐል ላይ ይወድቃል።
እማዬ በጨለማው ከአልጋዋ ቀና አለች፦
«የአባትሽ ጣራ እኮ እንዲህ አይጮህም ነበር።»

አዎ፣ እማዬ።
አይጮህም ነበር።