የሠሪው ስም

ሽልማቱ መጣ በካርቶን ታሽጎ፣
ስፖንጅ ተጎዝጉዞ፣ ጋዜጣ ተደርጎ።
ባጃጁ ያደረሰው እስከ ቅያሱ አፍ፤
በደጃችን መንገድ ሰውም በጎኑ ነው የሚያልፍ።
ዳይሬክተሩ ከፈተው በቢላ፣ በእርጋታ፤
ብርጭቆ ነው፣ ወፍራም፣ የመጽሐፍ ከፍታ።
«የዓመቱ የሙዚየም ሥነ ሰብ ሽልማት፣
በቅርስ ምዝገባ ለታየ ጥራት»
ይላል በወርቅ ቀለም፤ ከሥር የእኔ ስም።
ትኬት ቆራጯ ሲፈን እልል አለች፤
ዘበኛው ጋሽ ውብሸት በሩን ትቶ መጣ፣
ሁለቴ አጨብጭቦ ወደ በሩ ወጣ።

ስለዚያ ጥራት ግን አንድ ነገር ልናገር፤
ካርድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እንዲህ ይል ነበር፦
«ዓይነት፦ የግድግዳ ስፌት፣ ክብ፣ ዝርግ።
ቁስ፦ ስንደዶ፣ የተነከረ አክርማ።
ይዞታ፦ ደኅና፤ ጠርዙ ጥቂት የተላጠ።
የሠሪው ስም፦ አይታወቅም።»

አይታወቅም ማለት ስንት ጊዜ ጻፍኩኝ!
በሰባት ዓመት ውስጥ፣ ጣቴን እስኪያደክመኝ።
ለአምባሩ፣ ለዋንጫው፣ ለመጽሐፍ ድጉሱ፣
ለሙሽራ ሻሹ፣ ለፈረስ ልባሱ።
በኋላማ ቃሉን ማኅተም አስቀረጽኩ፤
ቀለም እየነከርኩ ቷ! ቷ! አደረግኩ።

አንድ ቀን፣ ከሰዓት፣
ከተማው በርጫ ላይ አረፍ ባለበት ሰዓት፣
አይ ኪምያ መጡ፤ የልጅ ልጃቸው ፎቶ ልታነሣ።
ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ።
«ግዴለም፣ ይግቡ» ብል «ቤት አይደለም?» አሉ።
ስፌቱ ፊት ቆሙ። ጣታቸው በአየር ላይ
ረድፍ እየቆጠረ ወጣ ከታች ወደ ላይ፤
አሥራ አንደኛው ጋ ቀጥ።
«ቀይ አክርማ ገብታለች አረንጓዴው ሜዳ፤
አየሃት? አንዲት ናት። የአክስቴ የረውዳ!
ሠርጉ ደርሶባት፣ የኩራዙ ጋዝ አልቆ፣
ወስፌዋ በጨለማ በዳሰሳ ዘልቆ፣
ሲነጋ ነው ያየቻት፤
ልትፈታው ስትል እናቷ 'ተይው' አለቻት።»

እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው አቀረቀርኩ።
ማኅተሙን ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።
ካርዱን ሰርዤ «ረውዳ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከዚያ እርሳሴን ይዤ «የማን ልጅ?» አልኩ።

ሁለት ዓመት ዞርኩ።
ከባድሮ በሪ እስከ አርጎ በሪ፣
መኪና ግርግር ላይ፣ ልብስ ሰፊዎች መሐል፣
ፎቶ እያሳየሁ፦ «ይህ የማን እጅ ይሆን?»
ለአርባ ሦስት ዕቃ ስም አገኘሁ።
በአንዱ ዋንጫ ሁለት ቤተሰብ ተጣላ፤
ሁለቱንም ጻፍኩ። እስካሁን አይነጋገሩም።
ሸላሚዎቹ ግን «አዲስ ዘዴ» አሉት።
ዘዴውማ አሮጌ ነው፤
በር ላይ ጫማውን አውልቆ የገባው።

ብርጭቆውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።
ከነደባው ሳይወርዱ ተቀበሉኝ፣
አገላበጡት፣ በመዳፍ ዳሰሱት፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።
«ማን ሠራው?»
ዝም አልኩ።
ጠርዙን በአውራ ጣት ዞሩት፤ ሲፈልጉ ቆዩ፣ ምንም አላገኙ።
ይኼኔ ልጅቱ ከጎናቸው ሳቀች፦
«ሙርሺድ አይደለህ እንዴ? እዚህ 'ሙርሺት' ይላል!»
አየሁት። እውነት ነው። በወርቅ ቀለም፣ ሙርሺት።
አይ ኪምያ ትራሳቸውን ደገፍ አሉ፦
«እፎይ! ሰው ነክቶታል» አሉ።

ዳይሬክተሩ ሰምቶ «ተመልሶ ይታረም» አለ፤
አይሆንም አልኩት። ተኮራረፍን ትንሽ።
ማታ ካርድ አወጣሁ፦
«ዓይነት፦ ሽልማት። ቁስ፦ ብርጭቆ፣ የወርቅ ቀለም።
ይዞታ፦ አዲስ፤ አንድ ፊደል የተሳሳተ።
የሠሪው ስም፦»
እጄ ሳላዘው ወደ መሳቢያው ሄዶ
ማኅተሙን ነካ፤ ተመለሰ።

ካርቶኑ ሥር የሱቅ አድራሻ አለ፦
ድሬዳዋ፣ ታይዋን። የሱቁ ቁጥር ለቋል።
ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ እይዛለሁ፣
ደንገጎን ወርጄ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ፤
«'ሙርሺት' ብሎ የጻፈ ማነው?» እላለሁ።
እስከዚያው መስመሩን ባዶ ትቼዋለሁ።