ዘጠና ሰከንድ

እዚህ አገር «አንቱ» የለም፤ «አንተ» ብላ ጠራችኝ፣
«ና አቦ፣ ይህን ጉድ እይልኝ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ፤
ሙንተሃ፣ የከዚራዋ ፎቶ አንሺ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣
የስንቱን ሙሽራ አስቃ የራሷ ሳቅ የጠፋት።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር (በድሬ ደግሞ ይሄዳል)
ኮምፒውተሯ ልነሳ ይልና መንገድ ላይ ይገተራል፤
ጥቁር መስታወት፣ ነጭ ፊደል፣
አንዲት ቀይ ኮከብ ወዲያ ወዲህ ስትል፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ ዘጠና ይቆጥራል፣
ከዚያ የጠበቀው ሲቀርበት አኩርፎ ደጅ ይዘጋል።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አልኳት።
መልስ የለም። የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ አጉረመረመላት።

አባቴ ለገሃር ነበር፣ ፉርጎ ቀጣይ፣
ሌባ ጣቱን መንጠቆ የበላው፣ ጎህ ሳይቀድ በፋኖስ የሚታይ፤
ኪሱ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት፦
የትኛው ፉርጎ ከየትኛው ኋላ፣ ከነምን ጭነት።
«ሞተር ብቻውን» ይል ነበር፣ «ጩኸት ነው እንጂ ባቡር አይደለም።»
የዚህ ማሽን ወረቀትም ከዚያች አይለይም።
ከፈትኩት፤ አራት መስመር፦
የትኛው ዲስክ፣ በየትኛው በር፣
በምን ቋንቋ፣ በምን ውል፣
ቀድሞ የሚፈተሽ ማን፣ ማንስ ሳይፈተሽ እንደሚውል።

ሥሩ አለ፣ ሁሉም የሚቆምበት፤
ቤቱ አለ፣ የሠርግ የልደት ፎቶ ያለበት፤
መለዋወጫው አለ፣ ሥራ ሲበዛ የሚተነፍስበት።
አራተኛው ግን...
በሩ «አባባ» ይላል። ዲስኩ የለም።

«ሬድዋን ነው የጻፈው» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።
«ልጄ። የአባቱን ፊልም ደቻቱ ሞልቶ ሲበላው፣
የተረፈውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ እዚያ ዲስክ ላይ አኖረው።
ኋላ ተጣላን። በምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤
ጅቡቲ ነው አሉ። ዲስኩንም በጉያው ይዞት ሄደብኝ።»

መጀመሪያ ስህተቱን አረምኩ። ልጁ በስም ነው የጻፋቸው፤
የዲስክ ስም ግን አይታመንም፣ ማለዳ ነው የሚወጣላቸው፤
ቀድሞ የነቃው «ሀ» ይባላል፣ ያንቀላፋው «ለ» ይሆናል፤
ሽቦ ያቀያየርክ ቀን በሰው በር ሌላ እንግዳ ይገባል።
ስሙን ፍቄ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሲፈጠር የታተመበትን፣
እንደ ክንድ ክትባት ጠባሳ አብሮት የሚያረጀውን፤
የአራተኛውን ቁጥር እንኳ፣ ማሽኑ ከከተበው የድሮ ውሎ
ቆፍሬ አገኘሁት፣ አቧራ መስሎ።

«ይህን መስመር ልሰርዘው? ፊቱ አንድ ምልክት ይበቃል፣
ማሽኑ እንዳላየ ያልፋል።»
«እንዳትነካው!»
ድምፅዋ እንደ ፍላሽ ዓይኔ ላይ በራ።

«እሺ፣ አንድ ቃል አለ፤ ከመስመሩ ጫፍ የሚቀጠል፣
‹ቢመጣ ተቀበለው፣ ባይመጣም ተነስ› የሚል።»
«ግን ይጠብቀዋል?»
«አምስት ሰከንድ።»
«ሠላሳ።»
«አቦ ሙንተሃ፣ ለዲስክ ሠላሳ ብዙ ነው።»
«ሃያ አድርገው።»
ታይዋን ገበያ ሸራ ጫማ እንደሚገዛ ሰው
ተከራክረን አሥራ አምስት ላይ ቆረጥነው።

አጥፍቼ አስነሳሁት። ቀይዋ ኮከብ ሄደች፣ መጣች፣
አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት... ሙንተሃ ትንፋሽዋን ያዘች፤
ከዚያ ማሽኑ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ለሥራ እንደሚነሳ፣
ያለ እሱ ተነሳ።

«አባባ» በቦታው አለ። ስትከፍተው ባዶ ክፍል።
የራሷን ፎቶ፣ የዛሬ ዓመቱን፣ ልታስገባ ስትል
«ተይ» አልኳት፣ «እዚህ ያስቀመጥሽው፣ ዲስኩ የመጣ ዕለት
ከሥሩ ይሸፈናል። አይጠፋም፤ ግን አይታይም በድንገት።»

ጥቂት አሰበች።
«እሱ ከመጣማ ይሸፈን» አለች፣
ፎቶዋንም አስገባች።