ባለ እጅ

አኮ ወደብ፣ ከግንቡ ሥር፣ ሦስተኛው የእንጨት መተላለፊያ ላይ
ሰባት ሜትር ጀልባ አለችኝ፤ ከሩቅ ስትታይ ሥዕል መሳይ።
ቀረብ ስትላት ግን
ቀለሟ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይረግፋል፣
ሆዷ ውስጥ የቆየ ውሃ ያቃስታል፣
ሞተሯ ሲነሣ ያስላል፣ ሲጠፋም ያስላል።

የገዛኋት ከሟች ልጆች ነው፤ ዋጋዋ ብስክሌት አይገዛም።
"ውሰዳት፣ አባታችንን የጨረሰችው እሷ ናት" አሉኝ፤ ሲስቁ አላየሁም።

እዚህ ሰላምታው "እንዴት አደርክ" አይደለም፤
"ውሃ ገባ?" ነው።
"ትንሽ" ካልክ ደህና ነህ።
ዝም ካልክ ሰው ሁሉ ባልዲውን ይዞ ይመጣል።
ሌቭ፣ የኦዴሳው መካኒክ፣ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፤
"ናፍጣው አየር ስቧል" ይላል፤ መፍቻ ሳያነሣ ያውቃል።
ጽፖራ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ሸራ ትሰፋለች፣
በእግር በሚረገጥ ሲንጀር፤ ገንዘብ አትቀበልም፣ ዓሣ ትወዳለች።
ሳብሪ የአኮ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ከዚሁ ውሃ፤
የነፋሱን ጠባይ ያውቃል፤ የተዋሰውን መፍቻ የሚመልስበትን ቀን ግን እንጃ።

እኔ ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ብቻ ነበር።
መልሕቁ ስንት ሜትር ሰንሰለት ይበቃዋል? ይሄ ቧንቧ የት ይደርሳል?
ዛጎል እንዳይለጠፍባት የቱ ቀለም ይሻላል?
ሦስት ሰው ቆሞ ከሆነ መልሱ አራት ነው፣
ሁሉም ትክክል፤ ውዱ ደግሞ የሌቭ ነው።

ቂሾን ላይ አውጥተን ሆዷን ስንፍቅ ዚንኩን አሳየኝ፣
ከፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የታሰረ፣ የተቦረቦረ፣ ጥርስ ያረፈበት መሰለኝ።
"እንዲበላ ነው የተሠራ፤ ባሕሩ ሌላውን ብረት እንዲተው።
ሲያልቅ ታመሰግነዋለህ፣ ሌላ ትገዛለህ" አለኝ፤ ጣለው።

አያቴ ደንቢያ ነበር ብረት የሚመታ፤
ቀን ማረሻ ያሠሩታል፣ በር ይዘጉበታል ማታ።
"ይበላል" ይሉት ነበር። ሲላላ።
ዚንኩም ይበላል። ሲጠብቅ።
ፊደሉ አንድ ነው፤ ሰው ግን በአንዱ ሲኖር ሌላውን አያውቅ።

ማዕበል ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው
የሳብሪን ሞተር የሚሸከመው ብረት ተሰነጠቀ።
ወደ ቂሾን መሻገር አለበት፤ አኮ ላይ ግንቡም አይመክትም።
"ከጣሊያን ሦስት ሳምንት" አለ ሌቭ። ሳብሪ ምንም አላለም።
ወሰድኩት። የምሠራበትን ጋራዥ ከመሸ ከፈትኩ።
አያቴ ወናፍ ነበረው፣ እኔ ጋዝ፤
መዶሻው ግን ያው ነው፦ ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ፣
ሁለት ቀላል፣ አንድ ከባድ።
እናቴ ከቂርያት አታ ደወለች። ድምፁን ሰማች።
"ዛሬም ብረት ነህ? እኛ እዚህ ያመጣንህ ለቢሮ ነበር" አለች።
"እመጣለሁ" አልኳት። ብረቱ እየቀዘቀዘ ነበር።

ሲነጋ ሳብሪ ተቀበለኝ፤ አገላበጠው፣ አሸተተው፣
ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።
"የማን እጅ ነው?"
በዕብራይስጥ ነው የጠየቀኝ። በአማርኛ ነው የሰማሁት።
"የኔ" አልኩ፤ ትንሽ ዘግይቼ።
"እንግዲያው የቀኙንም ሥራልኝ፤ እስኪሰነጠቅ አልጠብቅም።"
ይኸው ነው። "አመሰግናለሁ" አላለም።

ማዕበሉ አለፈ። የጽፖራን መጋረጃ ወሰደ፣
የኔን አሮጌ ገመድ በጠሰ፣ ሌላ ብዙም አልጎዳ።
ጠዋት ወለሏ ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ዚንክ አገኘሁ፤
ከጎኑም መፍቻ። ሳብሪ መልሶ!
የኔ ግን አይደለም፤ የሌቭ ነው።

በጋ ሲሆን ቂሾን ላይ እንደገና አወጣኋት፤
ጀርባዬን መሬት ሰጥቼ ከሥሯ ገባሁ፤
ዚንኩን ከዘንጉ ላይ አስቀመጥኩ፣
ብሎኑን አጠበቅሁት፤ ቃሉንም።