ሦስት ቀን ፈቃድ

«ሦስት ቀን ዕረፍ፣ ዒድ ነው» አለኝ ባባ ማታ፤
ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ኪሴም ቀለለ ላፍታ።
ሪያድ ያለችው እህቴ፣ ታናሼ ዘምዘም፣
ያላት ፈቃድ አንድ ቀን ነው፣ ከኢሻ ወዲያ አይረዝም።
አራት ዓመት በአንድ አገር፣ በአንድ ፀሐይ ሥር፣
የተያየን በስልክ ነው፣ መስመሩ እስኪሰበር።
ከደማም እስከ ሪያድ አራት መቶ ኪሎ ሜትር፤
በምን ልሂድ እያልኩ አደርኩ ኮርኒስ ስቆጥር።

መኪናውስ ነበር፤ ማዳም ፈቅዳልኛለች፣
«ትንሿን ውሰዳት፣ እንዳትቧጭራት» ብላለች።
ግን እጄን አየሁት፣ መዳፉ ጠንክሮ
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መሪ ላይ ታስሮ።
እሱስ ዒድ የለውም? እሱስ አይፈታም?
ሽቶ ተቀብቶ ጭን ላይ አይተኛም?
መንገዱንም አውቀዋለሁ፤
አሸዋው አስፋልቱን ሲሻገር እንደ እባብ፣
ሌሊት ግመል መሐል ቆሞ የመብራት ብርሃን ሲያነብ፣
ሳሂር፣ ያ ካሜራ፣ ምሰሶ ላይ ዓይኑን ሳይጨፍን፣
ብልጭ ብሎ የወር ደሞዝ ሲከፍን።

አውሮፕላንስ? አንድ ሰዓት ነው፣ ወጣ ሲል ይወርዳል፤
በዒድ ሰሞን ግን ከሱ ቀድሞ ዋጋው ይበራል።
ኤርፖርቱን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ፣ እስከ በሩ፤
መስታወቱ ተከፍቶ ባባና ልጆቹ ሲሻገሩ፣
ሻንጣ አውርጄ፣ «መዓ ሰላማ» ብዬ፣
ፓርኪንግ እንዳይቆጥርብኝ እመለሳለሁ ሮጬ።
ከዚያ በር ወዲያ ያለው ለኔ ወሬ ነው።
አንድ ጊዜ ገብቻለሁ፣ የመጣሁ ዕለት፤
ያኔም የበረረው እኔ ሳልሆን ወረቀቴ ነው።

«በባቡር ና» አለችኝ ዘምዘም በመጨረሻ።
ሳቅኩ፤ ባቡር ለኛ ወፍጮ ነው፣ የማሽላ መፍጫ፣
ደጋን ገበያ ዳር ቱክ ቱክ ሲል ከሩቅ
እናታችን ጆንያ ይዛ፣ እኛ ተራ ስንጠብቅ፣
ሰው እህል ተሸክሞ ገብቶ ዱቄት ለብሶ ሲወጣ።
«እኔ በዚያ ልሂድ? ተፈጭቼ ልምጣ?»
እሷም ሳቀች፤ ሳቋ በስልኩ ተቆራረጠ፤
በዚያች ሳቅ የተነሳ ትኬቱ ተቆረጠ።

ባቡሩ ሲነሳ ቀኝ እግሬ ዘለለ፣
ወለሉ ላይ ፍሬን ፈለገ፣ የት አለ እያለ።
አጠገቤ የተቀመጠው ሱዳናዊ ሽማግሌ
አይቶኝ ፈገግ አለ፦ «ሹፌር ነህ፣ ወንድሜ።»
አሥራ አንድ ዓመት በረሃን ያየሁት ፊት ለፊት፣
የነጭ መስመር ጭራ፤ ኋላውን በመስታወት።
ጎኑን አላውቅም ነበር። በረሃ ጎን አለው።
ቡቄቅ ላይ ከቧንቧው ጫፍ ነበልባል ይታያል፣
ሁፉፍ ስንደርስ የተምሩ አረንጓዴ ዓይን ይሞላል፣
አንድ ልጅ አጥር ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል።
መልሼ አወዛወዝኩ። ሁለቱም እጆቼ ባዶ ናቸው።
«ግራ ግባ» የሚለኝ የለም፣ «ፍጠን» የሚለኝ የለም።
ተኛሁ።
አፌን ከፍቼ፤ ሰው ፊት ተኝቼ አላውቅም።

ዘምዘም ጣቢያው በር ላይ ቆማለች፤ ከስታለች።
ለካ ጉንጭ የሚያሰፋው ስልኩ ነው።
«ዱቄት ሆነህ መጣህ?» ብላ ትከሻዬን አራገፈች።
እኔ ግን ቃል አጣሁ፤
ያዘጋጀሁት ሁሉ ሁፉፍ ላይ ሳይወርድ አልቀረም።

ታክሲ መጣ። ሻንጣዬን ከኋላ ጫንኩ፣
ከልማዴ የፊቱን በር ከፈትኩ።
እጅጌዬን ያዘችኝ።
«ዛሬ እንኳ ከኋላ» አለች።
ገባሁ። ጉልበቴ የት እንደሚያርፍ አላወቀም።
በመስታወቱ የሹፌሩ ዓይን አየን፤
አወቅኩት፣ የኔው ዓይን ነው።
«የት ልውሰዳችሁ?» አለ።
ዘምዘም አየችኝ።
እኔም አየኋት።
አራት ዓመት ሙሉ፣
እሱን ያሰበ አልነበረም።