የምድር ቤቱ ወግ

ከሌሊት ፈረቃ ጎህ ሲቀድ ስመለስ፣
ምድር ቤት ወረድኩኝ፣ በቅርጫት ይዤ ልብስ።
ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ብርዱ ፊት ይልጣል፣
የሙቅ ውሃው ቧንቧ ብቻውን ያጉረመርማል።
ለአሥራ አራት አባወራ ሁለት የልብስ ማጠቢያ፤
አንዱ ከኅዳር ወዲህ የማስታወቂያ መለጠፊያ።
ሌላው ጨርሶ ቆሟል፤ ሆዱ ባዶ አይደለም፣
የሰው እርጥብ ልብስ ይዟል፣ ባለቤት ነኝ ባይ የለም።

አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ የሕንፃው ወግ ነውና፤
አሥር መረቅሁለት፣ ይሉኝታ አይለቀኝምና።
ከዚያ እጄን ሰደድኩ፣ የሰው ገመና እንደ መንካት፣
ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ፣ እንደ ሌባ በፍርሃት።
የዳቦ ቤት ሽርጥ፣ ፎጣ፣ የትምህርት ቤት ሹራብ፤
አንድ እግር ቢጫ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ንብ።
ማድረቂያው ውስጥ ልክተተው? ሹራቡ ቢኮማተርስ?
ክዳኑ ላይ ከመርኩት፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ።

በሳምንቱ የረሳሁ እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ጣለኝ።
ስወርድ ሸሚዜ ሁሉ ደርቆ፣ ታጥፎ ጠበቀኝ።
የማድረቂያውን ሳንቲም ማን ከፈለ? ስም የለም።
ጠይቄም አላወቅሁ።
(እውነት ለመናገር፣ አልጠየቅሁም።)

ሁለት በረዶ አለፈ። ንቡ ሄዶ ዳይኖሰር መጣ፤
ካልሲው እያደር ረዝሞ ከመዳፌ አልፎ ወጣ።

ትናንት አሳንሰር ውስጥ፣ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋራ፤
ሱሪው ቢያጥረው ብቅ አለ የዳይኖሰሩ ጭራ።
«አደግህ እኮ!» አልኩት፤ አፌን አዳለጠኝ ድንገት።
እናቱ ዞራ አየችኝ፦
«ትተዋወቃላችሁ? የት?»