ውል

ዓራድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሐሙስ ከእራት ኋላ፣
ገመዱን ዘርግቼ በሳሎኑ ምንጣፍ
ስፈትሽ አመሸሁ፤ ስድሳ ሜትር ሙሉ፣
ከበረንዳው በር ላይ እስከ ኩሽናው አፋፍ።

አባቴ ከሶፋው ዝም ብሎ ያየኛል፤
ዐይኑ ደከመ እንጂ ጣቶቹ አላረጁም።
በወገራ ሳለ ሸማኔ ነበረ፤
እዚህ መወርወሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

«ይኼስ ምን ይባላል?»
«ስምንት ቍጥር። ወገብ ላይ። ጫፉ ዞሮ ይመለሳል፣
የሄደበትን መንገድ ተከትሎ።»
«ይኼኛው?»
«ፕሩሲክ። ቀጭኑ በወፍራሙ ላይ ሦስቴ ተጠምጥሞ፤
ካልከበደው ይንሸራተታል፣ ሲከብደው ይነክሳል።»
«እንደ ዘመድ» አለኝ። አልሳቀም።

መውረጃውን አነሣ፣ መዘነው በመዳፉ፣
ገመድ የበላውን ጎድጓዳ ዳሰሰው።
«ማን ቀጠቀጠው?»
«ፋብሪካ።»
«እኛ ስንቀጠቅጥ ቡዳ ነበር ስማችን፤
አሁን ነፍሱን ሰቅሎ
ይወርድበታል ሰው።»

«ውሉን ስጠኝ» አለ። ሰጠሁት።
ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ፣ ስንዝር በስንዝር፣
በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል፣
ድር እንደሚያደራ።
አርባ አንደኛው ሜትር ላይ ቆመ።
«እዚህ ጋ ሞቷል።»
«ላዩ እኮ ደህና ነው።»
«ላዩን መች ጠየቅኩህ?»

በቢላ ቆረጥኩት። ከአረንጓዴው ልባስ ሥር
ነጩ ድር ደቅቆ እንደ ዱቄት ረገፈ።
ባለፈው ወር በዚህ፣ ከሙት ባሕር በላይ፣
እግሩ የተሰበረ ተማሪ ታቅፌ
ስድሳውንም ወርጃለሁ።
ልጁ «ይይዘናል?» ሲል
«ዝሆን ይሸከማል» ብዬው።
ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።

እሱ ግን ሁለቱን ቍራጭ ጫፎች አንሥቶ፣
አንዱን አጥፎ፣ ሌላውን በሥሩ አሾልኮ፣ አዙሮ፣
ድር ሲበጠስበት ያስር እንደነበረው
አሰረ።
አወቅሁት። በሥልጠናው ሁለት ቀን የፈጀብኝ ቋጠሮ።
«ይኼ ለጋቢ ነው» አለ፤
«ሰው እንዳታንጠለጥልበት።»

በሰንበት፣ ሳይነጋ፣ ስልኬ ጮኸ።
አባቴ ሳልጠይቀው «ሂድ» አለኝ ከአልጋው።

ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ገና ጨለማ ሳለ፣
አዲሱን ገመድ ዐይኔን ጨፍኜ
በጣቶቼ መሀል ሳሳልፍ
ኢታማር ባትሪውን አበራብኝ፤
«እየጸለይክ ነው?»
«ቆይ» አልኩት፤
«ስድሳው አላለቀም።»